የሚወርዱት እነማን ናቸው?

ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ በሚኒባስ እየመጣሁ፣ ጽፌ ያልጨረስኩትን ድራማ ለጓደኛዬ በስልክ እተርክለት ነበር። ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራን የሚያወራ አስቂኝ ድራማ ነው። «ነገ ገበያው መሃል ይወርዳሉ፤ ከዚያ ከተማዋን ይቆጣጠራሉ» ስል፣ አጠገቤ የተቀመጡት፣ ረዳቱ «ሐጂ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ።

«የሚወርዱት እነማን ናቸው?»

ሹፌሩ በመስታወቱ አፈጠጠብኝ።

«ድራማ ነው እኮ ሐጂ! ለቀልድ ነው።»

«ድራማ ከሆነ ንገረንና! ካልሆነ ግን ፖሊስ ጣቢያ እናደርስሃለን።»

ስልኩን ዘግቼ መተረክ ጀመርኩ። ፍጡራኑ ወረዱ፤ ገበያ ውስጥ የታሰረ አህያ አዩና ከንቲባው መሰላቸው። ተሰልፈው እጅ ነሱት። «ከተማዋን አስረክበን» አሉት። ማንም አልሳቀም። የሐጂ እጅም አልላላ አለኝ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሚኒባሱ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፈተ። አለቀልኝ ብዬ ልነሳ ስል ሐጂ ጮኹ፦

«ዝጋው! አህያው ምን ብሎ እንደመለሰላቸው ሳንሰማ ማንም አይወርድም!»