ከሸሚዝ ቁልፎች መሀል

ልብስ ሰፊዋ በታናሽ እህቷ ትቀና ነበር። ያውም በበሽታዋ። ይህን ለሰው ቢናገሩት «አንቺስ ሰው አይደለሽም» ያሰኛል፤ ስለዚህ ዋጥ አድርጋው ኖረች። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ታናሽየዋን፣ እናታቸው «ሚጣ» የምትላትን፣ ገና ፊደል ሳትለይ ስኳር ያዛት፤ ከዚያ ወዲህ እናትየው የአንድ ልጅ እናት ሆና ቀረች። ኢንሱሊኑን ተወግታ ሳትበላ እንዳትቆይ «በላሽ?» ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትገባም «በላሽ?» ነው። ታላቂቱ ስፌት መኪና ስትረግጥ ብትውል የሚጠይቃት የለም። ጤነኛ ነቻ! ጤነኛ ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል?

በዚህ ላይ ክኒን ተጨመረ። ሐኪሙ ሚጣን መርምሮ፣ «ኮሌስትሮሏ ከፍ ብሏል። ስኳር ከልጅነቱ የያዘው ሰው ደግሞ ደም ሥሩ ቶሎ ይጎዳል። ልቧ ዛሬ ደህና ነው፤ ኋላ እንዳይታመም ይህን በየቀኑ ትዋጥ» አለ። እናትየው «ልብ» ከሚለው ወዲያ ያለውን አልሰማችም፤ ሰፈሩን በእንባ አዳረሰችው። ታላቂቱ አንጀቷ አረረ። ገና ለገና ለሚመጣ በሽታ! የእሷ ወገብ ዛሬ፣ አሁን ሲቆረጥ ማን አለቀሰለት?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ደንበኛ ከምትሰፋበት ከቤታቸው የፊት ክፍል በር ላይ ቆሞ «እህቴ፣ ቶሎ በይ እንጂ!» እያለ ሲያጣድፋት፣ የሸሚዙ ኮሌታ ቁልፍ ጎድሎ ተገኘ። ከቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋ አንድ ትንሽ ነጭ አንስታ መርፌዋን ብትሰድ ቀዳዳ የለውም። አገላብጣ አየችው። ክኒን ነው። ቆርቆሮውን ጨርቅ ላይ ብትዘረግፈው ከቁልፎቹ መሀል ሌላም፣ ሌላም ወጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ መድኃኒቱን ስለደበቀው ግን አበው ምንም አላሉ።

«ነገ ና» ብላ ደንበኛውን ሸኘችው።

መጀመሪያ የተሰማት ድንጋጤ ሳይሆን ደስታ ነበር። ያቺ እንደ እንቁላል የምትያዘው ልጅ ውሸታም ሆና ተገኘች! ቀጥሎ ክፉ ሐሳብ መጣባት። ብናገር እማዬ ጭራሽ ከሚጣ ጎን አትነሳም፤ ለእኔ የተረፈችኝ ቁራጭም ትሄዳለች። ዝም ብልስ? ሁሉንም መልሳ ከትታ ክዳኑን ገጠመች።

ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀጥታ ወደ ቆርቆሮው አመራች። ታላቂቱ ክዳኑን በእጇ ያዘችው።

«ዛሬም ልትጨምሪበት ነው?»

ሚጣ ክው አለች። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ በናትሽ!»

«ለምንድነው የማትውጪው?»

«መርፌውን ብተወው እወድቃለሁ። ይሄንን ግን ብተወውም ምንም አይሰማኝም። በቃ ልቤን እንኳ ተዉልኝ! አንቺ ያገኘሽውን በልተሽ ትተኛለሽ፤ ማንም አይነዘንዝሽም። ሁሌ ነው የምቀናብሽ።»

«በእኔ? በዚህ ወገብ?»

ታላቂቱ መሳቅ ጀምራ አቋረጠችው። የሚቀናባት ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። ደስ አላት፤ ወዲያው አፈረች፤ ከዚያ ተናደደች።

«አሁን ስለማይሰማሽ እኮ ነው የታዘዘልሽ፣ አንቺ ጅል! አንዴ ከተሰማሽማ ረፈደ።» ወደ ጓዳ ዞራ ተጣራች። «እማዬ! ነይ እስቲ!»

የፈራችው አልቀረም። እናትየው ሚጣን ተቆጣቻት፣ አቀፈቻት፣ እንደገና ተቆጣቻት፤ «ነገ ለሐኪሙ አንድ በአንድ ትናገሪያለሽ!» አለቻት። ውሃ ልታመጣ ስትሮጥ ታላቂቱን በትከሻዋ ገፍታ፣ «የአንቺስ ዓይን እስከዛሬ የት ነበር?» ብላት አለፈች። ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ሸሚዙን አነሳች። ቅናቱ እዚያው ደረቷ ውስጥ ነበር።

ሚጣ አዲስ ክኒን ከብልቃጡ አውጥታ ዋጠች። ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ እህቷ ዞረች።

«አንቺስ፣ በላሽ?» አለቻት።

«አልበላሁም» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አላት።