ፍልፈሉ የቆመበት መስመር

ከጎንደር የወጣሁት ግንቦት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ሜትር፣ ሲባጎ፣ አራት ችካልና አንድ ደብተር አለ። የምሄደው አምባ ጊዮርጊስ፣ እናቴ ቤት። እህቴ ሀያት ሐምሌ ላይ ትወልዳለች፤ ቤቱ ግን አንድ ክፍል ነው፣ እሱንም እናቴ ከምትነግደው የገብስ ጆንያ ጋር ነው የሚካፈሉት። ክረምት ሳይገባ አንድ ክፍል መቀጠል አለብን። የቀበሌው ባለሙያ ጓሮ ያለውን ጅረትና ጨፌ አይቶ፣ "ከውሃው ዳር ሃያ ሜትር ራቁ። ለክታችሁ፣ ነባር ጎረቤት አስፈርማችሁ አምጡ" ብሎ እናቴንና ሀያትን መለሳቸው።

ስሰማ ደሜ ፈላ። የቱ ውሃ? ግንቦት ላይ እዚያ ጅረት ውስጥ ዶሮ እንኳ እግሯን አታርስም። እናቴ በስልክ "ከፊት ለፊት ይሠራ በቃ" አለች። እሱማ አይሆንም። ፊት ለፊቱ መንገድ ዳር ነው፤ እዚያ ጎማ መለጠፊያ ልከፍት ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎንደር ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። ስለዚህ ጓሮውን ራሴ ለክቼ አፋቸውን ላስይዛቸው ተነሳሁ።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ሃያ ብር ነው። ወለቃ ላይ አንዲት ሴትዮ ከመንገድ ዳር የሸክላ ድስት ገዝታ ገባችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"ያዝልኝ ወንድሜ፣ አንተ እጅህ ባዶ ነው።"

"ቢሰበርስ?"

"ሌላ ትገዛልኛለህ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አስፋልቱ ያኔ ገና እየተሠራ ስለነበር ድስት አቅፌ አቧራ ስቅም ሄድኩ። ኮሶዬን አለፍ እንዳልን ሠራተኞቹ ደረቅ መሬት ቆፍረው ሰው የሚያስገባ ቱቦ ሲቀብሩ አየሁ። ዙሪያውን ጠብታ ውሃ የለም።

"ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አልኳት ሴትዮዋን።

"ለሐምሌ" አለችኝና ድስቷን አስተካከለችልኝ።

አምባ ጊዮርጊስ፣ አራት ሰዓት

ብርዱ ግንቦትም አያውቅ። ገበያው በነጭ ሽንኩርት ሽታ ታፍኗል። እናቴ ስማኝ ሳትጨርስ ሜትሬን አውጥቼ ጓሮ ወረድኩ። ከጅረቷ ሥር የቀረችው ውሃ ክር ታክላለች። ከእሷ ተነስቼ አዲሱ ክፍል እስከሚያልቅበት ድረስ ችካል ተክዬ ሲባጎ ወጠርኩ። ሃያ ስድስት ሜትር። ስድስት ሜትር ትርፍ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት።

የሚፈርሙልን ጎረቤታችን አያ ሞላ ናቸው፣ ከኛ በላይ የሚያርሱ ሽማግሌ። ዱላቸውን ተደግፈው ሲባጎውን አዩት።

"ምነው ከዚህ ጀመርክ?"

"ውሃው እዚህ ነዋ፣ አያ ሞላ።"

"አሁንማ መንገድ ሄዷል። ባለቤቱ የሌለበትን ቤት ነው የለካኸው።"

"ታዲያ የባለቤቱ ድንበር የት ነው?"

በዱላቸው አሳዩኝ። ፍልፈል እየቆፈረ ያወጣው የአፈር ክምር ከቤቱ በኩል ሞልቷል፤ ወደ ጅረቷ ሲወርድ ግን አንድ መስመር ላይ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ አንድም ክምር የለም፣ የደረቀ ቄጠማ ብቻ። እዚያ ግቢ ነው ያደግኩት፣ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

"ፍልፈል ደግሞ መቼ ተማረ?" አልኩ።

"አንተስ ስምንተኛ ላይ አይደል ያቆምከው? እሱ ልጁን የሚያሳድገው መሬት ውስጥ ነው። ውሃ የሚገባበት ምን ሊሠራ ይቆፍራል?"

ተናደድኩ፣ ግን ደግሞ ማወቅ ፈለግኩ። ድጅኖ አምጥቼ ከመስመሩ አንድ እርምጃ አልፌ ክንዴን የሚያስገባ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ላዩ እንደ ሸክላ የተሰነጠቀ ነው፤ ታቹ ጥቁር፣ የሚጣበቅ፣ የሚሸት። ከመስመሩ ወዲህም፣ ከክምሮቹ መሃል፣ እኩል ቆፈርኩ። ከዚያ ሻይ ልንጠጣ ገባን።

ስንመለስ የወዲያኛው ጉድጓድ ውስጥ መዳፍ የሚሸፍን ውሃ ቆሟል። የወዲህኛው ደረቅ ነው። ተንበርክኬ እጄን ነከርኩበት፤ ይቀዘቅዛል።

"ክረምትስ?"

"ክረምት እስከ ክምሮቹ ይመጣል፣ እዚያ ይቆማል።"

ሀያት ሆዷን ይዛ ከላይ ጎንበስ ብላ አየች። "ወንድሜ ኑሩ፣ ልጄን ዋና ልታስተምርልኝ ነበር?"

ከመጨረሻው ክምር ተነስቼ እንደገና ለካሁ። ሰባት ሜትር። ሃያ ስድስቱን ሰረዝኩት።

ፊት ለፊት

ችካሎቹን ነቅዬ መንገድ ዳር ወሰድኳቸው። ማንም አላዘዘኝም። ከመጨረሻው ክምር ሃያ ሜትሩን ያልፋል። የቦታው ወርድ ስድስት ሜትር ነው፤ ክፍሉ አራቱን ይወስዳል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "የጎማ ቤትህስ ልጄ?" አለች።

"ሲባጎውን ያዢልኝ" አልኳት።

አያ ሞላ ችካሎቹን አንድ በአንድ በዱላቸው ነካኩ። "ይሄ ሸጋ ነው" ብለው ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

ጎንደር፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ስመለስ ያን ቱቦ በመስኮት ፈለግኩት፤ አፈር አልብሰውት አፉ ብቻ ቀርቷል። የያዝኩት ሜትር ትክክል ነበር፣ የጀመርኩበት ቦታ ነው እንጂ ስህተቱ። ጅረትን ሊለካ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ግቢውን ዞሮ፣ ማን የት ድረስ እንደሚኖር ይይ።

የተከራየኋት ክፍል ገብቼ ቦርሳዬን ጣልኩና፣ እጄ አላርፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ለካኋት። ልክ ሁለት ሜትር። እዚህ ውስጥ ተኝቼ፣ አብስዬ፣ ከሰው ተጣልቼ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። መንገድ ዳር የቀረኝም ሁለት ሜትር ነው። ጎማ ከኔ ይበልጣል እንዴ?