የዓርብ ችሎት

በአሶሳ ዙሪያ ባለ አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። አንዱ በርታኛ፣ ሌላው አማርኛ ሲናገር መካከላቸው እቆማለሁ። የሚምል ሰው ሲቀርብም ከመሳቢያው ቁርኣን ወይም መጽሐፍ ቅዱስ አወጣለሁ። ዓርብ ዓርብ መንግሥት ለጁምዓ ሶላት ብሎ የምሳ ሰዓቱን ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ስላደረገው፣ ረፋድ ላይ የተጀመረ ጉዳይ ከመሃሉ ይቆረጣል። ከሩቅ የመጣ ባለጉዳይ ይህን አይወደውም።

አንድ ዓርብ የማንጎ ችግኝ ጉዳይ ቀረበ። ከሳሿ በሰፈራው ጊዜ በወጣትነታቸው ከወሎ የመጡ ባልቴት ናቸው። ጓሯቸው የተከሉትን ችግኝ የጎረቤት ፍየሎች ጨረሱብኝ ነው የሚሉት። ጎረቤትየው ደግሞ የበርታ ገበሬ ነው፤ ፍየል ያለው ሰው ብዙ ነው፣ የእኔ ለመሆናቸው ማን አየ ብሎ ክዷል።

ዳኛዋ ሰውየው ራሱ ምሎ እንዲናገር አዘዘች። ቁርኣኑን ይዤ ስቀርበው እጁን ሰበሰበ።

«ውዱእ የለኝም» አለኝ በቋንቋችን። «ሳልታጠብ አልነካውም።»

ተረጎምኩት። ባልቴቷ ብድግ አሉ። «ማምለጫ ነው እንጂ! እውነት ለመናገር መታጠብ ምን አመጣው?»

ዳኛዋ ሰዓቷን አየች። አምስት ተኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ከሰዓት እንቀጥላለን» አለች። «ታጥቦ፣ ሰግዶ ይምጣ። እርስዎም እናቴ፣ ትንሽ ዐረፍ ይበሉ።»

ግቢው ውስጥ ያለችው ቧንቧ በዚያ ሰሞን ውሃ አልነበራትም። ሰውየው ቢከፍታት አየር ብቻ ተነፈሰች። ባልቴቷ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩታል። ከቤት ይዘዋት የመጡት ትንሽ ጀሪካን አጠገባቸው ናት።

«የለም?» አሉት።

«የለም፣ እናት» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «መስጊድ ሰው ብዙ ነው። ወረፋ ነው።»

ጀሪካኗን አነሱ። «ና እሺ። ለጸሎት ከሆነ ውሃ አልከለክልህም።»

«አንቺስ ምን ትጠጣለህ?»

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ነበር። «ዓርብ አይደል እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ።»

ስላልገባው ወደ እኔ ዞረ። ጾም ላይ መሆናቸውን ነገርኩት።

«በዚህ ፀሐይ? ረመዳን ሳይሆን?»

«በየሳምንቱ» አልኩት። «ረቡዕም አለ።»

ራሱን ነቀነቀና ቁጢጥ አለ። ለመታጠብ ሁለቱም እጁ ስለሚያስፈልገው ባልቴቷ ራሳቸው አንቆረቆሩለት፤ ፊቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን እስኪጨርስ ጠበቁት። ሥራዬ በሁለት ሰው መካከል መቆም ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሚተረጎም ነገር ስላልነበረ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ። ከዚያ እኔና እሱ ወደ መስጊድ ሄድን።

ስንመለስ ቁርኣኑን ይዞ ማለ።

«ፍየሎቹ የእኔ ናቸው» አለ። «ያን ቀን ሳላስራቸው ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ከጓሮዋ አባረርኳቸው። ስትከሰኝ ደነገጥኩና ካድኩ።»

ባልቴቷ ድምፁ ዝቅ ማለቱን ሰምተው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት «ምን አለ? ምን አለ?» አሉ። ስነግራቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። ዳኛዋ መታረቅ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ችግኙን ይተካልኝ፤ አጥር ይጠርልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

«እሺ» አለ ሰውየው፣ በራሱ አማርኛ።

ስምምነታቸው ተመዝግቦ ፋይሉ ተዘጋ። ከግቢው ስንወጣ፣ ጠዋት ቢምል ኖሮስ ያው ነገር ይናገር እንደነበረ ጠየቅኩት። 

«ጠዋት ተናድጄ ነበር» አለኝ።

ክረምት ሲገባ በዚያ መንደር አለፍኩ። አዲሶቹ ችግኞች ቅጠል አውጥተዋል። አጥሩ ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ እርጥቡ ሲደርቅ ግን ኮስሶ እዚህም እዚያም ክፍተት ፈጥሯል። ባልቴቷ ደጅ አግኝተውኝ በጣታቸው አሳዩኝ።

«ግልገሎቹ በዚህ ይሾልካሉ» አሉ።

«ነግረውታል?»

«ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ ቀርከሃ ይዞ ይመጣል።»