የዋንዛው ልባድ

ባለፈው የካቲት ሞጣ፣ ታናሽ እህቴ እናትነሽ ቤት ስገባ፣ ልጇ የዋንዛ ፍሬ ሳህን ላይ አፍርጣ የደብተሯን ልባድ ስታጣብቅ አገኘኋት። ያ ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ሰላምታዬን በቅጡ ሳልጨርስ በርጩማው ላይ ዘፍ አልኩ።

ቢቸና ከቤታችን ጓሮ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበረ። ማስቲሽ መግዛት ለእኛ ቤት ቅንጦት ስለነበር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደብተሩን የሚለብደው በዚያ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ግማሹን አጣብቀን ግማሹን እየመጠጥን፣ ከንፈራችን ተጣብቆ ስንሳሳቅ እንውላለን። እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ፣ እናትነሽ ሁለተኛ፤ የእጅ ጽሑፏ ግን ከእኔ እጅግ ያምር ስለነበር ልባዴ ላይ ስሜን የምትጽፍልኝ እሷ ነበረች። አንድ ቀን የበሰለው ፍሬ ጫፍ ላይ ብቻ ቀረ። እኔ ፈሪ ነኝ፣ እሷ ደግሞ ቀላል፤ ወጥተሽ አውርጂልኝ አልኳት። ቅርንጫፉ ተገነጠለና በዘረጋችው ቀኝ እጇ ላይ ወደቀች፤ ክርኗ ወዲያው አበጠ።

ወጌሻው ጎረቤታችን አያ ስመኝ ነበሩ፤ ደግ ሰው፣ ከምርቃት በቀር የማይቀበሉ። የቀርከሃ ስንጣሪ ዙሪያውን ደርድረው በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ሳምንት ሳይሞላ የፈታው ሰው እጇን አጣመመው ማለት ነው ብለው አስጠነቀቁን። እናቴ ገበያ ስትወጣ ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ።

በማግስቱ ጣቶቿ አብጠው ቀዘቀዙ። «እታለም፣ ፍቺልኝ፤ እጄ ሊሞትብኝ ነው» እያለች ለመነችኝ። እምቢ ስላት በጥርሷ ፈታችው። እኔም እንዳይጣመምባት ብዬ ሮጬ ለአያ ስመኝ ተናገርኩባት፤ መጥተው ከፊተኛው አጥብቀው አሰሩት። ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት ምን ብዬ ልንገራችሁ!

በሦስተኛው ቀን ማልቀሷን ተወች። ተሻላት ብለን እልል ልንል ምንም አልቀረን። ሕመሙ የተዋት እጁ ስለሞተ መሆኑን ማን ነግሮን! ጣቶቿ ጠቁረው ሲሸቱ አባቴ በአውቶቡስ ሞጣ ሐኪም ዘንድ አደረሳት። ሐኪሙ ስብራቱ የሚድን እንደነበር፣ እጁን የገደለው የማሰሪያው ጥብቀት መሆኑን ነገረው። ከክርኗ በላይ ቆረጡት። አያ ስመኝ ከዚያ ወዲያ ሰው አላሰሩም፤ በደጃችን ሲያልፉም ጋቢያቸውን ተከናንበው ነው። እናትነሽም ልጆች ሲያፈጡባት አፍራ ትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች።

ዛሬ ባለትዳርና ባለሱቅ ናት፤ ልጇን ዛፍ አታስወጣም፣ የረገፈውን ብቻ ነው የምታስለቅማት። ልጅቷ ልባዱን ጨርሳ ስሜን ጻፊልኝ ብላ እስክሪብቶውን ስትዘረጋላት፣ እናትነሽ በግራ እጇ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ለአክስትሽ ስጪያት። የተማረችው እሷ ናት።»

ጻፍኩ። እናትነሽ ጎንበስ ብላ አየችውና «ዛሬም አላማረልሽም» ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን ደብተሩን እንዳላረጥበው ፊቴን አዞርኩ።