ያልተቆረሰው ዳቦ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ትኩስ ድፎ ዳቦ ታቅፋለች። የኮባው ሽታ ዕረፍት ነሳኝ።

ልጅ ሳለሁ የማርያም ማኅበር ተራ እናቴ ላይ ደረሰ። ማኅበርተኛው ሁሉ ቤታችን ሲሰበሰብ እትዬ ዘነቡ ብቻ ቀሩ፤ በአጥር ምክንያት ከእናቴ ጋር ከተኳረፉ ሰንብተዋል። የንስሐ አባታችን ጸሎቱን ጨርሰው ዳቦውን ሊቆርሱ ቢላዋ አነሱና መልሰው አስቀመጡት።

«ዘነቡ የታለች?»

«እኔ ይቅር ብያታለሁ፣ አባ» አለች እናቴ።

«አፍሽ ይቅር ብሏል። እግርሽስ?»

ነገሩ አልገባኝም። የእናቴን እግሮች አየሁ፤ ከቀሚሷ ሥር እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ዳቦው እየቀዘቀዘ ነው። በመጨረሻ ነጠላዋን ጎትታ ወጣች። ስትመለስ እትዬ ዘነቡን እጃቸውን ይዛ ነበር፤ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። ያኔ አባ ቢላዋውን አነሱ።

ቤተ ክርስቲያን አብራኝ ከምትዘምረው ከሰላም ጋር ከተጣላን ስድስት ወር ሆነን። ይቅር ብያታለሁ እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ዛሬም ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ በደጃፏ አልፌ ነው የተሳፈርኩት።

እግሬ ከወንበሩ ሥር አላርፍ አለ።

«ወራጅ አለ» አልኩ።