አመሏን ሳልነግረው

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ በየዓመቱ ትንንሹን ኃጢአት እየቆነጠርኩ አስረክባቸውና ይቺን ከጉያዬ አላወጣትም። ለአንተ የምነግርህ ወድጄህ አይደለም። አታውቀኝም፣ ፊትህን አላየውም፤ ለዚህ ነው።

ሾፌር ነበርኩ። መርካቶ የአንድ ጨርቅ አስመጪ የጭነት መኪና አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። ባለቤቱን ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፣ እኔም ሐጂ እላቸው ነበር። መኪናዋ አሮጌ ናት፣ አንድ ክፉ አመል አለባት። አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ ጭነት ይዛ፣ የነዳጅ ፔዳሏ እንደተረገጠ ይቀራል። እግርህን ብታነሳም አይመለስም። ገመዱ ስንቴ ተቀየረ፣ ስንቴ ተቀባ፤ ወር ቆይቶ ያው ነው።

መድኃኒቱን ግን አውቅ ነበር። ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ ማርሹን ወደ መሃል ገፍተህ ፎሌ ታደርጋለህ። ያን ጊዜ ሞተሩና ጎማው ይፋታሉ። ሞተሩ እንደ እብድ ይጮሃል፤ ይጩህ፣ ተወው። ፍሬንህን ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ዳር ትወጣለህ፣ ከቆምክ በኋላ ታጠፋታለህ። መኪናዋ እየሄደች ግን ቁልፍ አይነካም። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከመለስክ መሪው ይቆለፋል፣ ፍሬኑም እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ይኸው ነው። ለመንገር አንድ ሲጋራ አጭሶ የመጨረስ ያህል እንኳ ጊዜ አይወስድም።

የሾፌር ወግ አለ። መኪና ስታስረክብ ቁልፍ ወርውረህ አትሄድም። ከተረካቢው ጎን ተቀምጠህ አንድ ዙር ትዞርና አመሏን ትነግረዋለህ። የደም ጠላትህ ቢሆንም ትነግረዋለህ። ለእኔም ከእኔ በፊት የነበረው ሰካራም ሽማግሌ ነግሮኛል። ሰካራሙ ያደረገውን እኔ አላደረግኩም።

ለምን? ያኔ ፊደል ስለማላውቅ። ሳቅ ካማረህ ሳቅ። የጭነት ወረቀት ማንበብ አልችልም ነበር፤ ጫኞቹን እየጠየቅኩ፣ የሱቁን ቀለም እያስታወስኩ ነበር የማደርሰው። አንድ ቀን ለሸማ ተራ የታዘዘውን ቦንዳ ዱባይ ተራ አራግፌ መጣሁ። ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጫኞቹ ሁሉ ባሉበት፣ «ደምሴ፣ አንተ መኪናዋን ታውቃታለህ፤ ወረቀቱ ግን አንተን አያውቅህም» አሉኝ። ጫኞቹ ሳቁ። በሳምንቱ መስፍን የሚባል አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ጎረምሳ ሾፌር ቀጠሩ፣ እኔን መጋዘን ጥበቃ አዞሩኝ።

መስፍን ምን አደረገኝ? ምንም። ይህንን ነው መዋጥ የሚያቅተኝ። ጠዋት መጥቶ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፣ ቁልፉንም በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«ጋሼ ደምሴ፣ አመሏ ምንድን ነው?» አለኝ።

ጠየቀኝ እኮ! ሳይጠይቀኝ ቀርቶ ቢሆን ረሳሁ እል ነበር።

«የተማርክ አይደለህ» አልኩት፤ «አንብባት።»

ጫኞቹ እንደገና ሳቁ፣ አሁን በእሱ። ያ ሳቅ ጣፈጠኝ። መስፍንም እንደ ቀልድ ቆጥሮት አብሮ ሳቀና ወጣ።

ይሞታል ብዬ አስቤ ነበር? አላሰብኩም። መንገድ መሃል እንዲዋረድ፣ መኪናዋን አስጎትቶ እንዲመለስ፣ ሐጂም «ደምሴን ጥሩልኝ» እንዲሉ ነው የፈለግኩት። ይህን ስልህ ግን ማቃለሌ እንዳይመስልህ። ቁልቁለት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ጭነት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው አፌን የዘጋሁት።

በሦስተኛው ቀን ጭነት ይዞ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲወርድ ፔዳሉ ያዘበት። ከጎኑ የነበረው ጫኝ በኋላ እንደነገረን፣ መጀመሪያ ፍሬን ረገጠ፤ ሞተሩ እየገፋ አሸነፈው። ከዚያ የደነገጠ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፣ ቁልፉን መለሰው። መሪው ደረቀ። እግረኛውን በጡሩምባ በትኖ ሰው ሳይነካ ሄዶ ከግንብ ጋር ተላተመ። ጫኙ በጭረት ተረፈ። የመስፍን ግራ እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

በዚህ አላበቃሁም። ትራፊክ ፖሊሱ መጋዘን ድረስ መጥቶ መኪናዋ ችግር ነበረባት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አሥራ አንድ ዓመት ነድቻታለሁ፣ እንደ በግ ናት፣ ልጁ ፍጥነት ይወዳል አልኩ። ጥፋቱ በእሱ ተጻፈ። ከቃሌ በታች የምፈርመው ፊርማ አልነበረኝም፤ በአውራ ጣቴ አተምኩ።

አሁን መስፍን ሸማ ተራ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ጥልፍ ይጠልፋል። አንድ ቀን ሳልፍ አየኝና ጠርቶ አስቀመጠኝ። በወረቀት ምክንያት ከመሪ ላይ መውረዴን ሰምቶ ኖሯል። «ጋሼ፣ እኔ እንደሆን ተቀምጬ ነው የምውለው፤ ለምን ፊደል አላስቆጥርዎትም?» አለኝ። እንቢ ልለው አፌን ከፈትኩ፣ እሺ ወጣ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሀ ሁ ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ስሳሳት ይስቅብኛል፣ እኔም እሰድበዋለሁ። በውስጤ ደግሞ እጠላዋለሁ። አዎ፣ እጠላዋለሁ። የበደልከው ሰው ደግ ሲሆንብህ ከመጥላት በቀር ምን ታደርገዋለህ?

ያለፈው ማክሰኞ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ አሁንም በሕልሜ ያቺን ቁልቁለት እወርዳታለሁ። እርስዎ የድሮ ሾፌር ነዎት፤ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለኝ።

እኔም፣ «ምንም። የእግዜር ቁጣ ነው» አልኩት። ሁለተኛ ጠየቀኝ፣ ሁለተኛ ነፈግኩት። አሁን በእግዜር ላይ ጭምር ላክኬ።

ስለዚህ አንባቢው፣ አንተ ዘወር በል፤ ከዚህ በኋላ ያለው የአንተ አይደለም።

መስፍን፣ ባስቆጠርከኝ ፊደል የጻፍኩትን ይህን ወረቀት ነገ ጠዋት በእጅህ እሰጥሃለሁ፤ እያነበብክም ከፊትህ እቆማለሁ። የጠየቅከኝ መልሱ ይኸውልህ፦ ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ፎሌ አድርግ፣ ቁልፍ አትንካ። ስድስት ቃል ናት። ያን ጠዋት ምላሴ ላይ ነበረች። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የአንተ አይደለም፤ ከአንተ ጋር ትራፊክ ፖሊስ ፊት ቀርቤ ቃሌን እለውጣለሁ፣ ዘንድሮ ፊርማ አለኝ። ይቅር በለኝ አልልህም። ብትለኝም አልቀበልህም። ክራንችህን አንስተህ ብትመታኝ ግን አልሸሽም።