ያልተንቀጠቀጠው ቀረጻ

ዘላለም ሶዶ ከተማ ውስጥ ሠርግ እየቀረጸ ነው የሚኖረው። ጎበዝ ነው፤ አንድ አመል ግን አለበት። ሙሽራዋ ከእናቷ ስትለያይ ከእሷ በፊት እሱ ያለቅሳል፣ ካሜራውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሰዉ ቪዲዮውን ሲያይ «ይኸው፣ ዘላለም ጀመረው» እያለ ይስቅበታል። እናቱ ወይዘሮ አሳየሽ እንኳ «የኔ አልቃሻ» ነው የሚሉት።

ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ጉሬዛ የሚቀርጽላቸው ፈለጉና ወደ ኦሞ ሸለቆ፣ ጥቅጥቅ ወዳለው ደን ይዘውት ወረዱ። እናቱ ያን ሰሞን ኦቶና ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ልቅር ቢል «ሂድ፣ እህትህ አለችልኝ» አሉት። እግሩ ሄደ እንጂ ልቡ አልጋቸው ሥር ቀረ።

ያ ደን ደግሞ ሰው አይወድም። ዝናቡ ሲያባራ ዛፎቹ ያንጠባጥባሉ፤ ሌንሱን ጉም ያለብሰዋል፤ ሳማው በሱሪ ላይ ይለበልባል፤ ቁልቁለቱ ላይ የካሜራ እግር የሚተከልበት ደረቅ መሬት የለም። ዘላለም ካሜራውን በኮባ ቅጠል ሸፍኖ ይጠብቃል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ይጮኻሉ እንጂ አይታዩም። የተፈለገው ግልገሉ ነበር፤ ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፣ ነጭነቱም አይቆይም።

ስልክ የሚሠራው ከደኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ የዘላለምን ስልክ ይዞ የሚወጣው መንገድ መሪያቸው ኤርካሎ ነው። ኤርካሎ የዚያው አገር ገበሬ ነው። ከዘላለም ጋር በወላይትኛ ይጫወታል፤ እንግዶቹ ባሉበት ግን በተሰባበረ አማርኛውም ቢሆን ካልተናገረ ነውር ይመስለዋል። የዚያን ቀን ከጉብታው ወረደና እንስሶቹ እንዳይደነግጡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እህትህ ደወለ። እናትህ አረፈ።»

ዘላለም «እሺ» አለ። እንባውን ጠበቀ፤ አልመጣም። ውስጡን ቢፈትሸው ምንም የለም፣ ሐዘንም የለም። ወዲያው ቅርንጫፉ ተወዛወዘና አንዲት ጉሬዛ ነጩን ግልገሏን ታቅፋ ብቅ አለች። ግልገሉ ጠብቶ እስኪጠግብ ድረስ ቀረጸ። እንግዶቹ በደስታ ተቃቀፉ። እሱ የሰማውን ለማንም አልተናገረም።

በማግስቱ መንገዱ ጠፈፍ ሲል ተነሣ። ጉብታው ላይ ሲደርስ፣ ደውዬስ ምን እላለሁ ብሎ ተወው። ሶዶ ገብቶ ግቢያቸውን ቢያይ ድንኳን የለም፤ ለቀስተኛም የለም። ጎረቤታቸው ሽታዬ እናቱ አሁንም ኦቶና እንደሆኑ ነገረችው።

ሲደርስ እናቱ ቁጭ ብለው ሾርባ ይጠጣሉ። ለካ እህቱ ምሕረት በወላይትኛ ለኤርካሎ የነገረችው ሕመሙ ተወት እንዳደረጋቸው፣ ዕረፍት እንዳገኙ ኖሯል። ኤርካሎ ያንን ነው ወደ አማርኛ የመለሰው። ዘላለም እናቱን ሳመ። ደስታውም አልመጣም።

እናቱ የቀረጽከውን ካላየሁ አሉ። ካሜራውን ከፍቶ ያዘላቸው። ነጩን ግልገል እስከ መጨረሻው አዩና ፊታቸው በራ።

«ምንም አልተንቀጠቀጠም» አሉት። «ስለ እኔ ልብህ አርፎ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ፣ እማዬ» አለ።